ከመፈክሩ በኋላ እቤታችሁ ምን ገባ?

እናቴ ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ትሰቅላለች። ውኃ የመጣበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ታከብበዋለች። ሌሊት ከመጣ ከክቡ ጎን ትንሽ ጨረቃ ትሥላለች። ዓመቱ ሲያልቅ አትጥለውም፤ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ታስቀምጠዋለች። ባለፈው ቅዳሜ አቧራ ስጠርግ የ2013ቱን አገኘሁት። ሰኔ 14 ላይ፣ መምረጧን በአጭሩ ጽፋለች። በዚያ ወር ውኃ የመጣው አምስት ቀን ነው። የ2014ቱን ሰኔ ገለጥኩ፤ አራት ቀን። የ2015ቱ አምስት። የ2016ቱ ሦስት ክብ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ጨረቃ አላቸው።

ያኔ ነው የምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄ የከፈትኩት። በምርጫው ሰሞን ድምፅ ማጉያ የጫኑ መኪናዎች ሰፈራችንን ከጠዋት እስከ ማታ ሲዞሩት ነበር። ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ አንድነት፣ ስለ ልማት ሰምተናል። ስለ ቧንቧ የሰማሁት ግን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ፤ ድምፅ ከሰጣችሁ በኋላ በእጃችሁ የምትነኩት ምን ነገር ተለወጠ? መፈክሩንና የተለወጠውን ነገር አብራችሁ ጻፉ። በአራት ቀን ውስጥ 45 መልስ መጣ። ሁሉንም አልተርክም፤ ከልቤ ያልወጡትን በየቁጥራቸው ላስቀምጥ።

ቁጥር 1 ከሐዋሳ ናት። ለእናቴ ዕድሜ ተመኝታ ጀመረች። እነሱ ቤት የሚቆጠረው ውኃ ሳይሆን መብራት ነው፤ የምትቆጥረውም አያቷ ናት። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ደስ አለኝ፤ ብቻችንን አይደለንም ማለት ነው።

ቁጥር 2 በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ አንቱ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ነገር ግን አድራሻ ተሳስተሃል የሚል መንፈስ ነበረው መልሳቸው። ፓርላማ የሚገባ ሰው ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል። ቧንቧ የሚዘረጋው የከተማው አስተዳደር ነው። የአገር ምርጫን በሰፈር ውኃ መለካት ፍርደ ገምድልነት ነው ባይ ናቸው። ቁጥር 3 ሳይቆይ አረማቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያ ቀን የተሰጠን ወረቀት ሁለት ነበር፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት። እውነቱን ነው፤ እኔም ረስቼው ነበር። እናቴ ለቧንቧውም ድምፅ ሰጥታለች።

ቁጥር 4 ላይ ውይይቱ ሌላ መልክ ያዘ። ጸሐፊው ሰባዎቹን ያለፉ የአርሲ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አባታቸው ጭሰኛ ነበሩ። አዝመራው ተወቅቶ አውድማ ላይ ሲቆለል የባለመሬቱ ወኪል በቅሎውን አስሮ፣ ቆሞ ያሰፍር ነበር። ግማሹ በአህያ ተጭኖ ይሄዳል። ልጆቹ ዳር ቆመው የሚጫነውን ጆንያ ይቆጥራሉ። ተማሪዎች በ1957 መሬት ለአራሹ ብለው አደባባይ ሲወጡ እሳቸው ገጠር ስለነበሩ አልሰሙም። የሰሙት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ሲታወጅ ነው። በቀጣዩ አዝመራ ወኪሉ አልመጣም። ስንዴው ሙሉውን እቤት ገባ። ጎተራው ሞልቶ የተረፈው በጆንያ አልጋ ሥር ተደረደረ። እናታቸው ሌሊት እየተነሱ ጆንያዎቹን ይዳብሱ ነበር። ምርጫ አልነበረም፣ ድምፅ የሰጠም አልነበረም፣ መፈክሩ ግን ሁለት ቃል ሆኖ ማን ምን እንደሚያገኝ ይናገራል ብለው ጨረሱ።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የፈለግሁትን ነገር ከኔ አስቀድመው አገኙት። መሬት፣ ለአራሹ። ምኑ እንደሚሰጥ አለ፣ ለማን እንደሚሰጥም አለ። ቀኑ ሲመጣ ማንም ገበሬ አውድማው ላይ ቆሞ ተፈጽሟል ወይም አልተፈጸመም ማለት ይችላል። ለልማት እንሠራለን የሚለውን ግን የት ቆመን ነው የምንለካው?

ቁጥር 5 የጎጃም ልጅ ነው፤ በትሕትና ነው ያረማቸው። አያቱ ባለርስት ነበሩ። የሚያርሱት የራሳቸውን ርስት ስለሆነ ከአውድማቸው ላይ ግማሽ የሚወስድ ጌታ አልነበረባቸውም። ለእነሱ መፈክሩ የሌላ አገር ወሬ ነበር። ጎጃም በ1960 የተነሳው በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ነው። ርስታችን ሊነካ ነው የሚል ስጋት ነበር የሚያነሳሳው። ስለዚህ አንዱን የሚያጠግብ መፈክር ሌላውን ያስፈራል አለ። ቁጥር 6 ግን ትሕትናውን ትቶት መጣ። ገበሬው መሬቱን ካገኘ በኋላ ምን እንደሆነ ለምን አይነገርም ሲል ጠየቀ። ደርግ ኮታ ጣለ። ገበሬው እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ማስረከብ ግዴታ ሆነበት። ኮታው ያልሞላለት ከገበያ በውድ ገዝቶ ያስረከበ አለ። ለቁጥር 4 የሰጣቸው ስም ጥሩ አይደለም፤ አልደግመውም።

የአርሲው አባት በቁጥር 7 ተመለሱ። ስለ ኮታው አልተከራከሩም፤ እውነት ነው አሉ። የስድቡን ነገር አላነሱትም። ያችን አንድ ዓመት፣ ያንን አልጋ ሥር የተደረደረ ስንዴ ግን ማንም ከእጃቸው እንደማይወስድባቸው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 8 ሚያዝያ 30 ቀን 1997 በተቃዋሚው በቅንጅት ሰልፍ መስቀል አደባባይ የነበረ ሰው ነው። ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። ሁለት ጣቱን ቀስሮ ከፒያሳ በእግሩ ወረደ። ቅንጅት የአዲስ አበባን ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ፣ ነገር ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። እሱ የመረጠው ነገር አንዱም አልሆነም። ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ ሰፈራቸው ድረስ መጥተው ወጣቶችን መዘገቡ። ተደራጁ ተባሉ። ድንጋይ ጥረባ ገባ። ጥቁር ድንጋይ በመዶሻና በመሮ እየጠረበ ኮብልስቶን ያወጣ ነበር፤ ክፍያው በቁጥር ነው። ግራ እጁ አውራ ጣት ጥፍሩ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። የሰፈራቸው ጭቃ መንገድ ድንጋይ ለበሰ። እናቱ በክረምት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቦት ጫማ ማድረግ ተወች። የእሱ እምነት እንዲህ ነው፤ ያን መንገድ ያመጣው የአሸናፊው መፈክር ሳይሆን መሸነፉ ያስደነገጠው መንግሥት ነው።

ይህ ሐሳብ ብዙ ሰው ነካ። ቁጥር 9 ግን አንድ ነገር አቃና። ሁሉም ከ97 ድንጋጤ የመጣ አይደለም። ኮብልስቶን ድሬዳዋም ተሠርቷል። የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎችም መጀመሪያ ገርጂ ላይ የተተከሉት በአርከበ እቁባይ የከንቲባነት ዘመን፣ ከምርጫው በፊት ነው። እሷ ራሷ እጣ ደርሷት ሁለት ልጆች ያሳደገችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። አመስጋኝ ናት።

ቁጥር 10 እሳት ሆና መጣች። በ1997 ተመዝግባ ነበር፣ አልደረሳትም። በ2005 ለ20/80፣ ማለትም 20 በመቶውን ቆጥበው ቀሪውን በባንክ ብድር ለሚከፍሉት ኮንዶሚኒየም፣ እንደገና ተመዘገበች። በየወሩ ከደሞዟ ቆርጣ ስታስገባ ኖራለች። የባንክ ደብተሯ ሽፋን ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። የቤት ኪራይ ግን በየዓመቱ ይጨምርባታል። ለቁጥር 9 የጻፈችው ከባድ ነበር፤ እጣ የደረሰው ሰው ስለ እጣ ባያወራ ይሻላል የሚል ነው። ቁጥር 9 ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታ መጠየቅ ያለባት እሷ አልነበረችም፤ እኔም ይህንኑ ጻፍኩ።

ስለ አዲስ አበባ የከተማ ባቡር የመጣው ብዙ ነው። አንድ የአያት ነዋሪ በ2007 ምርጫ የታየኝ ለውጥ ባቡሩ ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ሥራው የተጀመረው ከዚያ ምርጫ ዓመታት ቀድሞ እንደሆነና ተሳፋሪ መጫን የጀመረው ከምርጫው በኋላ፣ መስከረም 9 ቀን 2008 እንደሆነ ነገረው። ትኬቱ ያኔ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ ነበር። ከቁጥር 12 እስከ 14 ያለው የባቡርና የታክሲ ወረፋ ክርክር ነው፤ እዝለዋለሁ።

ቁጥር 15ን ግን መዝለል አልችልም። 20 ዓመት ያገለገለች ነርስ ናት። የጻፈችው ስለ መፈክር አይደለም፣ መፈክር ስላልነበረው ነገር ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990 ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ2012 ቁጥሩ 68 ሆነ። የሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱ ዓለም አቀፍ ግብ ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ ተሳካ። ትልቁን ሥራ ከሠሩት መካከል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉበት፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች። ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባት፣ አጎበር፣ መጸዳጃ ቤት ይላሉ። እሷ አብራቸው ዞራለች። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ልጅ የቀበሩ እናት አራተኛውን ለክትባት ይዘው ሲመጡ ጨርቁ ውስጥ አምስት እንቁላል ጠቅልለው አመጡላት። አልቀበልም ስትል እናትየዋ አለቀሱ። ተቀበለች። ለዚህ ሥራ ድምፅ ማጉያ ይዞ ሰፈር የዞረ ፓርቲ አታስታውስም።

ቁጥር 16 ይህን አንብቦ፣ እንዲህ ከሆነማ ለምን እንመርጣለን ሲል ጻፈ። መራር ነበር። የሚሻለን መፈክር ሳይሆን ሁለት ሴቶች በየቀበሌው ናቸው አለ። ነርሷ በአጭሩ መለሰችለት፤ የእነዚያ ሴቶች ደሞዝ የሚወጣው ከበጀት ነው፣ በጀቱን የሚያጸድቁት ደግሞ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ምረጥ፣ ግን ስለ ደሞዛቸው ጠይቅ።

ከዚያ ውቅያኖስ ተሻገርን። ቁጥር 17 አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ጂም ጊልሞር የሚባል ሰው የመኪና ግብር የለም የሚል አጭር መፈክር ይዞ ለገዥነት ተወዳድሮ አሸነፈ። እንደ መሬት ለአራሹ ጥርት ያለ ነው፤ ይለካል። ሕጉም ወጣ። ክልሉ የመኪናህን የመጀመሪያ 20,000 ዶላር ዋጋ ግብር ለከተማው ይከፍልልሃል ተባለ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ መቶ በመቶ። ነገር ግን ወጪው ከበደ። በዚያው አቆጣጠር በ2004 የወጣ ሕግ የክልሉን ድርሻ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቆረጠው። መኪናው እየበዛና እየተወደደ ሲሄድ ያው ገንዘብ ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ቅናሹ ይሳሳል። ይኸው ዛሬም በየዓመቱ የመኪና ግብር ይከፍላል። ታክሲ ነጂ ስለሆነ ይጎዳዋል።

ቁጥር 18 ከላስ ቬጋስ ቀጠለ። ካዚኖ ውስጥ ነው የሚሠራው። ዶናልድ ትራምፕ እንደ ፈረንጆቹ በሰኔ 2024 እዚያው ከተማ ቲፕ ላይ ግብር አይኖርም አለ። ካማላ ሃሪስም ነሐሴ ላይ እዚያው መጥታ ተመሳሳይ ቃል ገባች። ሕጉ በሐምሌ 2025 ተፈረመ። እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ ከገቢ ግብር ስሌት ይቀነሳል፣ እስከ 2028 ድረስ። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና፣ የሚቆረጠው ግን እንዳለ ነው። እሱ ተጠቅሟል። ሚስቱ በሆቴል ክፍል ጽዳት ነው የምትሠራው፤ እንግዳው አልጋ ላይ ምንም ሳይተው ስለሚሄድ የሚቀነስላት ቲፕ የለም። አንድ ቤት፣ አንድ መፈክር፣ ሁለት ውጤት።

ቁጥር 19 አልታገሠም። እኛ ጀሪካን እንሸከማለን እናንተ ስለ ቲፕ ታወራላችሁ የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ቃሉ ከዚህ የከረረ ነው። ዲያስፖራ ከሩቅ ሆኖ ማማረር ይወዳልም ብሎ ጨመረ። የቁጥር 17 መልስ ግን አሳዘነኝ። ባለፈው ዓመት ለእናቱ ሮቶ የገዛው ከዚያው ከታክሲው ገንዘብ ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል፣ እስካሁን ሞልቶ አያውቅም። ቁጥር 19 ሌሊቱን አስቦበት ሳይሆን አይቀርም፣ ጠዋት ላይ ወንድሜ አጠፋሁ ብሎ ጻፈ።

አንዲት እህት ከእስራኤል፣ ከነታንያ ከተማ ጽፋለች፤ ቁጥር 23 ናት። ጎንደር የቀሩ ዘመዶቿን የማምጣት ነገር ከምርጫ ምርጫ የሚነሳ ቃል ነው። የእስራኤል መንግሥት እንደ ፈረንጆቹ በኅዳር 2015 የ9,000 ሰዎችን መምጣት ወሰነ፤ በአምስት ዓመት ተብሎ ነበር። ከሚያዝያ 2019 እስከ መጋቢት 2021 እስራኤል አራት ጊዜ መረጠች። በመካከሉ፣ ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ፣ 2,000 ያህል ሰዎች መጡ። የያኔዋ የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትር ፕኒና ታማኖ ሻታ ራሷ በሕፃንነቷ በሱዳን በኩል የመጣች ናት። የእህታችን የወንድሟ ልጅ ከመጡት ውስጥ ነበረች። ኤርፖርት ሄዳ ተቀበለቻት። የልጅቷ እናት ግን ጎንደር ናት፤ አሁንም ፋይሏ አልተዘጋም። እህታችን በየምርጫው የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስንት ቀን፣ ስንት ሰው?

በቁጥር 26 አንድ መምህር የግብሩን ነገር አነሳ። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2017 በወጣው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2000 ብር ከፍ ብሏል። የትምህርት ቤታቸው ዘበኛ በመጀመሪያው ወር ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ትርፉ ስህተት እንዳይሆን አስነበበው። ስህተት አልነበረም። በትርፉ የገዛው አንድ ሊትር ዘይት እንኳ አልሞላም፣ ቢሆንም በወረቀት ላይ የታየ ነገር ነው ይላል መምህሩ። እኔም እስማማለሁ። ትንሽም ቢሆን በቁጥር የመጣ ነገር ይቆጠራል።

ከ27 እስከ 34 የፓርቲ ጠብ ነው። ሁለቱ መልሶች ተሰርዘዋል፤ መሰረዛቸው ተገቢ ነበር። የሰው ብሔር ጠርተው ነበርና።

ቁጥር 35 ከገጠር የጻፈ ወጣት ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ በስልኩ ተከታትሏል። አባቱ ለግድቡ ቦንድ ገዝተዋል፤ ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ሲሰማ ዕንባው መጣ። ቀበሌያቸው ግን መስመር የለውም። ግድቡን የሚሰድብ ሰው አይወድም፤ ኩራቱ ነው። የሚለው ሌላ ነው። ግድብ መብራት ያመነጫል፣ ወደ ቤት የሚያመጣው ግን ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው። ሊመረጥ የሚመጣ ሰው ስለ ግድቡ ሲያወራ እሱ ስለ ትራንስፎርመሩ መጠየቅ ይፈልጋል።

ከዚያ በቁጥር 41 የቧንቧ ባለሙያ መጣ። ስለ ፖለቲካ ምንም አልጻፈም። የአዲስ አበባ ውኃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች እንደሚመጣ አስረዳ። አቃቂ ከከተማው በታች ነው፣ ስለዚህ ውኃው በፓምፕ ይገፋል። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ማጠራቀሚያው አይሞላም፣ ፈረቃችሁም ያልፋችኋል። ከፍታ ላይ ያለ ቤት የሚደርሰው መጨረሻ ነው፤ ታች ያሉት ቀድተው ሲዘጉ፣ ያውም ሌሊት። የእናቴ ጨረቃዎች ምክንያታቸው ይህ ሊሆን ይችላል አለ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ከእናንተ በታች ያሉት ጎረቤቶች ውኃ የሚያገኙት በስንት ቀን ነው?

እንዲህ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጥያቄውን ለእናቴ አነበብኩላት። መነጽሯን አድርጋ የ2016ቱን ሰኔ ገለጠች። ታች ያሉት እትዬ ቤት ከኛ ሁለት ቀን ቀድሞ ይመጣል፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይቆያል አለች። እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት። እትዬም የራሳቸው ቀን መቁጠሪያ አላቸው፤ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ ያመሳክራሉ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስኖር አላወቅሁም።

ቁጥር 44 ላይ ይህን ጻፍኩለት። ቁጥር 45 የባለሙያው ነው። ሁለቱን ቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ውኃ የለንም ብላችሁ አትጀምሩ፣ የእኛ ሰፈር የሚሞላው ከየትኛው ማጠራቀሚያ ነው ብላችሁ ጀምሩ አለን። እናቴ ጥያቄውን በቀዩ እስክሪብቶ የዘንድሮው መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጻፈችው። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከእትዬና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር እንሄዳለን። የስድስት ዓመቱን ጥቅልል የምይዘው እኔ ነኝ።